እዚህ ላይ ቀለም አትቀባ

ለብሩሽ ባልንጀራዬ፣

እንደምን ሰነበትክ? ጉልበትህስ አሁንም መሰላል ይወጣል ወይስ እንደኔ ወንበር ላይ ቀረህ? ባለቤትህና ልጆችህ ደህና ናቸው ወይ? እኔ አለሁ፤ ዓይኔ ያያል፣ ጥርሴም ግማሹ አለ። አሥራ አንድ ዓመት ዘግቶኝ ዛሬ ምን አመጣው እንዳትል፤ ጨንቆኝ ነው። የምናገረውን የምትጽፈው ልጄ ናት፤ እጄ ይንቀጠቀጣል ስላልኳት።

የልጄ ሥራ ድረ ገጽ መሥራት ነው። አሁን የኔን ልትሠራ ተነሣች፤ አርባ ዓመት የቀባናቸውን የሱቅ ሰሌዳዎች ሰው በስልኩ እንዲያያቸው። አስቀድሞ ግን መመሪያ ያስፈልገዋል አለች፤ ገጹ ሁሉ አንድ መልክ እንዲይዝ፣ ቀለሙ የቱ፣ ፊደሉ የቱ፣ በመካከል የሚተወው ባዶ ቦታ ስንት እንደሆነ የሚናገር። ቀለሙን ጠየቀችኝ። እዚያ ላይ ማን ይችለኛል! «ቀይ ብቻውን አይቆምም፤ በጥቁር ጥላ ካላስደገፍሽው ይወድቃል» አልኳት። አንድም ሳታስቀር ጻፈች። ባዶ ቦታውንም በጣቴ ለካሁላት።

ቀጥላ ነጭ ወረቀት አመጣች። «አባዬ፣ አሁን ፊደሉን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጻፍልኝ። የገጹ ጽሑፍ ሁሉ በአንተ እጅ ይሆናል» አለችኝ።

ማምለጫ ፈለግኩ። የመነጽሬን ነገር አነሣሁ፤ አዲስ ገዛችልኝ። እጄን ማንቀጥቀጥ የጀመርኩት ያኔ ነው። (ልጄ ቀና አለች። ዝም ብለሽ ጻፊ አልኳት።) ወንድሜ፣ ውሸት መግቢያው እንጂ መውጫው አይታወቅም። ሐኪም ቤት ወሰደችኝ፤ ላልያዘኝ በሽታ ኪኒን ዋጥኩ። ዳቦዬን እንደ ሕፃን ቆርሳ ትሰጠኛለች። እንዳትወድቅ ብላ ብቻዬን ደረጃ መውረድ ከለከለችኝ። አራተኛ ፎቅ ላይ ተጎልቼ ማዶ ያለውን የጫማ ቤት ሰሌዳ ሳይ እውላለሁ። ጠማማ ነው። ወርጄ እንዳላቃናው እጄ «ታሟል»!

ይህ ሳያንስ ከካርቶን ውስጥ ያን ፎቶ አገኘችው፤ የዳቦ ቤቱን ሰሌዳ። አንተ እንደ ልማድህ ፊደሉን በጠመኔ ነድፈህ ሄድክ፤ ጥጉ ላይም ለኔ ማስታወሻ ተውክ። እኔ የነደፍከውን ሁሉ፣ ማስታወሻህን ጭምር፣ በቀይ ቀለም ጥላ እየሰጠሁ አሳመርኩት። «እዚህ ላይ ቀለም አትቀባ»። እንደዚያው ተሰቅሎ ከተማው ሳቀ። ባለ ዳቦ ቤቱ ሲጮህ አንተ «ጥፋቱ የኔ ነው» አልክ፤ እኔ አጎንብሼ ብሩሽ አጥብ ነበር። ከዚያ ወዲህ ማስታወሻ ጽፈህልኝ አታውቅም፤ ሁሉን በቃልህ ትነግረኝ ነበር። ለማንም አልተነፈስክም።

ልጄ ፎቶውን አይታ ሳቀች። «ቀልደኛ ነህ ለካ፣ አባዬ!» አለችኝ። «አዎ፣ ቀልዴ ነው» አልኳት። አሁን የመጀመሪያው ገጽ ላይ ልታደርገው ነው። መመሪያው ላይም «ባለ ብሩሹ ተጫዋች ነው፤ ፊደሉም የራሱ ነው» ብላ አስፍራ አነበበችልኝ።

ፊደሉ የኔ አይደለም። ያንተ ነው። እኔ የቀባሁትን አንድም ቀን አንብቤ አላውቅም። «ና ፊደል ላስቆጥርህ» ስትለኝ ስልሳ ዓመቴ ነበር፤ እንደ ስድብ ቆጠርኩት፤ ፊቴን ያዞርኩብህ ለዚህ ነው። ጥፋቱ የኔ ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ የኔ ንጋት ሰባ አንድ ዓመት ፈጀ።

እዚህ ላይ የልጄ እስክሪብቶ ቆመ። «ጻፊ» አልኳት። ጻፈች። የተገረመች ግን አልመሰለኝም። አሁን ሳስበው፣ ኪኒኑን ከጠረጴዛው ካነሣችው ሳምንት አልፎታል። ለባልንጀራህ ደብዳቤ እንጻፍለት ያለችውም እሷው ናት።

የምለምንህ አንድ ነው። ልመና አልለመደብኝምና አታባክነው። መጥተህ ፊደሉን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በጠመኔ ንደፍልኝ፤ እኔ በቀለም እሄድበታለሁ። በገጹ ላይ ያንተ ስም ከኔ ይቀድማል፤ መመሪያው ውስጥ አስገቢው ብያታለሁ። አራተኛ ፎቅ መውጣት ካቃተህ፣ እኔ እወርዳለሁ።

መሰላልህ አይንሸራተት፤ እጅህ አይዛል፤ ቤትህ ሳቅ አይጣ።

ከታች ያለችውን ቃል ልጄ በእርሳስ በስሱ ነደፈችልኝ፤ በላይዋ የሄድኩባት ግን እኔ ነኝ። መስመሩን እየው፤ አንዲት ቦታ አልተንቀጠቀጠም።

ወንድምህ