የይሻው ልጅ ከመብራቱ ሥር

ደብረ ታቦር፣ ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.
የዛሬ ጠዋት፦ ከመደብሩ ሁለት ኩንታል ጤፍ ተሸጠ፤ ልጅህ አንዴ ጠባ።

ወንድሜ ይሻው፣ እብናት ላይ ፍየል ስትገዛ ጤናህ እንዴት ሰነበተ? እኛ አምላክ ይመስገን ደህና ነን። ኔትወርክ ስለሌለ ይህን በጎረቤታችን በአዳነ እጅ ልኬልሃለሁ።

አንተ ከሄድክ ወዲህ የልጁ ቢጫነት ከፊቱ እስከ እግሩ ስለወረደ ሆስፒታል አስተኝተነዋል። ዓይኑን ሸፍነው፣ ራቁቱን በሰማያዊ መብራት ሥር አጋድመውታል። እናታችን ብርዱን ፈርታ፣ ነርሷ ሰላማዊት ዞር ስትል በጋቢ ጠቀለለችው።

"እማማ፣ መብራቱ የሚያክመው ገላውን ነው፣ ጋቢውን አይደለም!" አለቻት ሰላማዊት ተመልሳ።

"በዚህ ብርድ ልጄን እንደ በርበሬ ልታሰጪው?"

"አዎ፣ እያገላበጥን ነው የምናሰጣው።"

ሁላችንም ሳቅን፤ ባለቤትህ ጥሩዬ ብቻ አልሳቀችም። ልጁ ለመጥባት አልነቃ ስላላት ጡቷን እያለበች በኩባያ ታቀምሰዋለች።

ቢጫነቱ ካልቀነሰ ወደ ባሕር ዳር እንደሚልኩን ነግረውናል። መንገዱ ግን ወረታ ላይ ከተዘጋ ሰነበተ። መናኸሪያ ወርጄ ሾፌሮቹን አንድ በአንድ ጠየቅሁ፤ የፈለጋችሁትን ልክፈል ብልም የሚነቃነቅ የለም። እኔም ከመናኸሪያ ወደ ሆስፒታል፣ ከሆስፒታል ወደ መናኸሪያ እመላለሳለሁ።

አንተ ፍየሎቹን ጥለህ አትምጣ። ለልጁ ስም ካሰብክለት ግን ጽፈህ በአዳነ ላክልኝ፤ ዛሬውኑ ይመለሳል።

እናታችን ጉንጭህን ትስማለች። በደስታ ያገናኘን።

እህትህ እመቤት

ነገ፦ በማለዳ የንስሐ አባታችን ጋ ሄጄ፣ አርባ ቀኑን ሳይጠብቁ እዚሁ ሆስፒታል መጥተው ያጠምቁልን እንደሆነ መጠየቅ።