ማምሻውን ከታረቀኝ ጋር

ጉለሌ፣ አዲስ አበባ
ጥር 14 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ለአፀደ፣

አንቺም እናትሽም የልጅ ልጄ ማሚቴም ጥምቀትን በሰላም እንደዋላችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ አለሁ። እግሬ ይከብደኛል፤ ደረቴም ያው እንደምታውቂው ነው። ዕድሜውን ሙሉ ድንጋይ ሲጠርብ የኖረ ሰው ከዚህ የተሻለ ደረት አይጠብቅም።

የጻፍሽልኝ ደርሶኛል። ብዙ አልጻፍሽም። «አባባ፣ እውነቱን ይንገሩኝ፤ ሐሺሹን ትቷል ወይስ አልተወም?» ነው ያልሽኝ። በአንድ ቃል ልመልስልሽ ብዬ ደጋግሜ ጀምሬ ወረቀቱን ቀደድኩት። «ትቷል» ብልሽ የዋሸሁሽ ይመስለኛል። «አልተወም» ብልሽ ደግሞ ልጄን፣ ባልሽን ታረቀኝን እበድለዋለሁ። ስለዚህ የሆነውን እንደሆነው ልንገርሽና አንቺው ፍረጂ።

ማሚቴ የጠፋችበትን ቀን አንቺም እኔም አንረሳውም። ከመዋዕለ ሕፃናት ሊያመጣት ሄዶ፣ ባሕር ዛፉ ውስጥ ቁጭ ብሎ ሲያጨስ ልጁን ረሳት። ስንፈልጋት ውለን ከጨለመ በኋላ ሀጂራ ሱቅ ውስጥ፣ ሽንኩርት ጆንያ ላይ ተኝታ አገኘናት። በማግስቱ ልጅሽን ይዘሽ አሰላ እናትሽ ዘንድ ስትሄጂ አልከለከልኩሽም። ዛሬም ልክ ነበርሽ እላለሁ።

አንቺ የሄድሽ ዕለት የተረፈውን ቅጠል ከኮቱ ገበር አውጥቶ ሽንት ቤት ጣለው። እኔ አላዘዝኩትም። በቃ፣ አለቀለት ብዬ ነበር። የሚብሰው ከዚያ በኋላ መሆኑን ማን ነግሮኝ። እንቅልፍ አጣ። አንሶላው በላብ ይርሳል፤ ጠዋት ጠዋት እኔ ነኝ ፀሐይ ላይ የማሰጣው። እህል አልበላ አለው። የወጡ ጨው በዛ ይላል፣ የጎረቤት ሬዲዮ ጮኸ ይላል፤ እኔ ስስል እንኳ ሆን ብዬ የማደርገው ይመስል ቀና ብሎ ያየኛል። መሥሪያ ቤቱም ከሚነዳው የጭነት መኪና፣ ከኤንትሬው አውርዶ ጋራዥ ውስጥ ጎሚስታ አደረገው። መሪ የለመደ እጅ ጎማ ሲነቅል መዋል ይከፋዋል ብዬ ሳዝን፣ እሱ «ይሻላል» አለ። ለምን እንደተሻለው ያኔ አልገባኝም።

እንዲህ እያለን ሐምሌ ላይ ሾዴ መጣ። በመኪናው ረዳቱ የነበረው የሻሸመኔው ልጅ፤ ታውቂዋለሽ። ክፉ ሰው አይደለም፣ ባዶ እጁን ቤታችን ገብቶ አያውቅም። ቅጠሉን መጀመሪያ የሰጠውም እሱ ነው። በር ላይ አገኘሁት።

«አባባ፣ ታረቀኝ አለ?»

«አለ። ምን ይዘህ መጣህ?»

«ድንች ነው።»

«ሌላስ?»

መሬት መሬት አየ። «እሱ ከፈለገ ነው እንጂ እኔ አላስገድደውም» አለኝ።

ሌላ ነገር ሳልናገር ታረቀኝ ኮቱን እየለበሰ ወጣ። ወደ ባሕር ዛፉ ወጡ። ሲመለስ ዓይኑ ቀልቷል። ለነገ ያስቀመጥኩትን ሽሮ ጠርጎ በላ፣ በማያስቅ ነገር ሳቀ፣ ከዚያ ተኛ። አፀደ፣ አንቺ ከሄድሽ ወዲህ እንደዚያ ሲተኛ አይቼው አላውቅም። ትንፋሹን እየሰማሁ፣ በልቤ እንኳን ተኛ አልኩ። ምን ያህል ደክሞኝ እንደነበር ከዚህ እወቂው።

በማግስቱ ፊቴን ማየት አቃተው። «አባባ፣ እኔ አልረባም፤ ይተዉኝ» አለኝ።

«ሱሱ በስንት ሰዓት ነው የሚጠራህ?» አልኩት።

ግራ ገባው። ስድብ ነበር የጠበቀው። ትንሽ አስቦ፣ «ቀን ሥራ ላይ ምንም አይለኝም። ጋራዡ ተዘግቶ ወደ ቤት ስመጣ ነው፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ። ድፍን ብሎ ከጨለመ በኋላ ይለቀኛል» አለ።

«እንግዲያው በዚያ ሰዓት ቤት አንቀመጥም።»

እንዲህ ነው የጀመርነው። ከሥራ ሲመጣ በር ላይ ቆሜ እጠብቀዋለሁ፤ ቤት ሳይገባ ዳገቱን ይዘን ወደ ቁስቋም እንወጣለን። ክረምቱን በአንድ ጃንጥላ። ጭቃው ጫማ ይነቅላል፣ እንጨት የተሸከሙት ሴቶች ቁልቁል ሲመጡ ጥግ ይዘን እናሳልፋቸዋለን። አናወራም። እሱ በረጅም እግሩ ይቀድመኛል፣ መለስ ብሎ ይጠብቀኛል። አንዳንድ ቀን «ዛሬ ይቅርብኝ» ይላል፤ እኔም ጉልበቴ ይቅርብህ እያለኝ፣ «ተነስ» እለዋለሁ። ደስ ብሎኝ የወጣሁበት ቀን ትንሽ ነው። ሾዴም በነሐሴ ተመልሶ ነበር፤ ታረቀኝ አብሮት ሄዶ እንደገና አጨሰ። በማግስቱ ምንም ሳልለው በሩ ላይ ቆምኩ። መጣ፣ ወጣን።

በጽጌ ጾም አንድ ማምሻ ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ነበር። አንዲት ሴት ልጅ አዝላ አለፈች። ታረቀኝ ሴትዮዋ እስክትሰወር ድረስ በዓይኑ ሸኛት፤ ከዚያ ሳልጠይቀው ተናገረ። አሁን የምጽፈውን እንድነግርሽ ጠይቄዋለሁ። በሦስተኛው ቀን «ይጻፉላት» አለኝ።

በሰባ ሰባት ወደ ሰሜን እህል ሲያመላልስ ነው። «አባባ» አለኝ፣ «ከኮረም ስንመለስ አንድ ሰው መንገዱ መሀል ቆመ። ልጅ ታቅፏል። ማሚቴን ታክላለች። ከተማ አድርሳት፣ እኔ መራመድ አልችልም አለኝና ጋቢና ውስጥ አስቀምጧት ዞረ። ሰው መጫን ክልክል ነው። ጥቂት እንደነዳሁ ፍተሻው ትዝ አለኝና ፈራሁ። ከኋላዬ ሌሎች መኪኖች አሉ፣ መንገዱ ጠባብ ነው፣ ወደ አባቷ መመለስ አልችልም። እዚያው ዳር ላይ አወረድኳት። አባትሽ ይመጣል አልኳት። በመስታወቱ አየኋት። አላለቀሰችም። ቆማ ታየኝ ነበር። በሌላው ጉዞ እዚያው ቦታ ስደርስ ማንም የለም።»

ሾዴ አብሮት ነበር። በዚያ ሳምንት መተኛት አቅቶት መሪ ላይ ሲያንቀላፋ አይቶ ነው ቅጠሉን የሰጠው። «ስስበው መስታወቱ ውስጥ አትታየኝም» አለኝ። «ማሚቴን የረሳሁ ቀን ግን፣ አባባ...» ብሎ መጨረስ አቃተው።

ምን አደረጉ ትይኝ ይሆናል። ልጄ እንዲህ ያለ ነገር ይዞ አንድ ጣራ ሥር ከእኔ ጋር ሲኖር አላወቅሁም። አንቺም አላወቅሽም። እጁን ይዤ ተቀመጥኩ፤ እስኪበርደን ድረስ። በኋላ ወደ ንስሐ አባታችን ወሰድኩት፤ ብቻቸውን ብዙ ተነጋገሩ።

ከነገረኝ በኋላ ቀለለው ብልሽ ደስ ይለኝ ነበር። ከዚያ ያለው ሳምንት ከሁሉም የባሰው ነው። ግን አላጨሰም። ከዚያ ወዲህ አላጨሰም።

ኅዳር ላይ ሳሌ ስለበረታብኝ ታረቀኝ ሆስፒታል ወሰደኝ። ሐኪሙ ደረቴን ራጅ አስነስቶ ካየ በኋላ እኔን ውጭ አስቀምጦ ታረቀኝን ለብቻው አነጋገረው። ሲወጣ ዓይኑ ቀልቷል። የዚያን ዕለት ዓይኑ ከምን እንደቀላ ሳልጠይቀው አወቅሁ። «ምን አለ?» ስለው፣ «ዳገት ይቀንሱ አለ» አለኝ። እኔም «እሺ» አልኩ። ሌላ አልጠየቅሁትም።

ከዚያ ወዲህ በሩ ላይ የምጠብቀው እኔ መሆኔ ቀረ። ከጋራዥ እየሮጠ ይመጣል፣ እጁን ሳይታጠብ «አባባ፣ ይነሱ» ይለኛል። ጋቢዬን ያለብሰኛል። ቁስቋም መውጣቱ ቀርቶ እስከ አስፋልቱ፣ ቀጥሎም እስከ ሀጂራ ሱቅ ሆነ። ሀጂራ በርጩማ ታወጣልኛለች። አንድ ቀን፣ «አባ ወልዱ፣ እናንተ ሰዎች፣ ማን ነው ማንን የሚሸኘው?» አለችኝ። ታረቀኝ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። መልሱን ግን አላውቀውም።

ታኅሣሥ ላይ ከአልጋ መነሳት ያቃተኝ ቀን ነበር። ሰዓቱ ደረሰ፣ ታረቀኝ ግን አልመጣም። ፀሐይዋ ገባች። ተኝቼ ጣራውን እያየሁ፣ አንድ ቀን ብቀርበት ሄደ አልኩ። ይህ ሁሉ ድካም አልኩ። ሊጨልም ሲል መጣ፤ በጠርሙስ ጸበል ይዟል። ከጋራዥ በቀጥታ ብቻውን ቁስቋም ወጥቶ ነው የተመለሰው። ከእንቅልፌ እንዳይቀሰቅሰኝ ብሎ ነበር ሳይነግረኝ የወጣው። ሊያጠጣኝ ጎንበስ ሲል፣ አልዋሽሽም፣ ኮቱን አሸተትኩ። አየኝ።

«ያሽትቱኝ» አለ፣ «አልቀየምም።» ራሱንም ዝቅ አደረገልኝ። ጎማና ናፍጣ ሸተተኝ።

ሾዴ ለጥምቀት መጥቶ ነበር። በሩ ላይ ቆመው ሲነጋገሩ ከመደቤ ሆኜ ሰማሁ። «ድንቹን ተውልን፣ ሌላውን ይዘህ ሂድ» አለው ታረቀኝ። ሾዴም ሄደ፤ እንዲያውም አቅፎት ነው የሄደው። ታረቀኝ ገብቶ አጠገቤ ተቀመጠ።

«ትቻለሁ ስል አሁንም እፈልገዋለሁ፣ አባባ። እስከ መቼ ነው?»

«እኔ እንጃ» አልኩት። «ፈልገው። መፈለግና ማጨስ አንድ አይደለም። አሁን ውጣና ተራመድ።»

ወጣ። ከጨለመ በኋላ ርቦት ተመለሰ።

እንግዲህ መልሴ ይህ ነው፣ ልጄ። አያጨስም፤ ይፈልገዋል። ነገ ምን እንደሚሆን እኔ አልዋስለትም። ተመለሺ ብዬም አልለምንሽም። ይቅር በይው ማለትም የእኔ ፋንታ አይደለም፤ በማሚቴ የደረሰው ደርሷል። ለፋሲካ ፈቃድ አገኛለሁ ይላል። አሰላ ልምጣ ካለሽ፣ በሩን ክፈቺለት ወይ አትክፈቺለት፣ እንደ ልብሽ። እኔ መንገዱን አልችለውም፤ ከእሱ ጋር አትጠብቂኝ።

ይህን ሁሉ የጻፍኩት ግን ከእኔ ሌላ አንድ ሰው ይወቀው ብዬ ነው። ሲመሽ ዝም ይላል። ዝም ሲል ተቆጥቶ ወይም ጠልቶሽ አይምሰልሽ፤ ምን ሆንክ ብለሽም አትጠይቂው፣ አይመልስም። ነጠላሽን ልበሺና «ና እንውጣ» በይው። መጀመሪያ እንቢ ይላል። ትንሽ ቆመሽ ጠብቂው፤ ይነሳል። ወሬ አያስፈልገውም። ቢቀድምሽ አትጥሪው፣ ራሱ ተመልሶ ይጠብቅሻል።

እናትሽን ሰላም በይልኝ። ማሚቴን ግንባሯን ሳሚልኝ። የቁስቋሟ እመቤት ሦስታችሁንም በጥላዋ ትያዛችሁ፤ ክፉ አይንካችሁ፣ ደግ ቀን ታሳያችሁ።

አባትሽ
ወልዱ