አባዬ አዲሱን እትም ለምን እንደፈለገ

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ ለኬንት፣

እንደምን ሰነበትክ? ናዲንስ እንዴት ናት? ያ ወገቧን የሚያማት ነገር ተሻላት? ቶቢስ አዲሱን ትምህርት ቤት ለመደው ወይስ አሁንም በር ላይ ያለቅሳል? እናንተ ዘንድ አሁን በጋ ነው፤ በባሕሩ ዳር ስትንሸራሸሩ ይታየኛል። እኛ ጋ ሐይቁ በረዶ ሆኖ እንደ ድንጋይ ከጠጠረ ሰነበተ፤ ሰዉ መኪናውን በላዩ ላይ እየነዳ ገብቶ ዓሣ ያጠምዳል። እኔ ደኅና ነኝ። ስለ አባዬ ግን በስልክ ልነግርህ ስሞክር እሱ አጠገቤ እየሆነ አፌ አልፈታ አለኝ። ይህን የምጽፍልህ ለዚህ ነው።

የቅዳሜው ጨዋታ እንዳልተቋረጠ ታውቃለህ። ምድር ቤት ውስጥ፣ አንተ ባደግክበት ጠረጴዛ፣ አባዬ ከካርቶን መከለያው ጀርባ ተቀምጦ ተረቱን ይመራል፤ እኛም የየራሳችንን ጀግና ይዘን፣ ዳይስ የምንለውን ባለ ቁጥር ጠጠር እየወረወርን፣ እሱ በቃሉ የሚሠራውን አገር እንዞራለን። የቀረነው ኸርብ፣ ጌይልና እኔ ብቻ ነን። ፖስተኛው ኸርብ ጡረታ ቢወጣም በጨዋታው የሚሆነውን ያንን ነጭናጫ ድንክ ቄስ ጡረታ አላወጣውም። አውቶቡስ ነጂዋ ጌይልም ጠጉሯ ቀይ በነበረ ጊዜ የፈጠረቻትን አስማተኛ እስካሁን ትጫወታለች። ደንቡም ያው የጥንቱ ነበር። ከዚያ ወዲህ የደንቡ መጽሐፍ ስንት አዲስ እትም ሲወጣለት አባዬ አንዱንም ዞር ብሎ አላየውም። የአሮጌውን መጽሐፍ ገጽ ሳይገልጥ ነበር የሚፈርድልን።

ታዲያ በኦክቶበር አንድ ቅዳሜ ስንወርድ የአዲሱ እትም መጻሕፍት ጠረጴዛው ላይ ተደርድረው አገኘን። «ወደዚህ ብንሻገር ምን ይመስላችኋል?» አለን። ኸርብ መነጽሩን አውልቆ ጠረገና «ኦርቪል፣ ትኩሳት ይዞሃል እንዴ?» አለው። አንዱን መጽሐፍ ገለጥ ገለጥ አድርጎም «ይሄ እኮ ታኝኮ የሚቀርብ የሕፃን ምግብ ነው። እዚህ ውስጥ ሰው ልሙት ቢል እንኳ አይፈቀድለትም» ብሎ ወረወረው። ጌይል «የኔ አስማተኛስ?» ስትል አባዬ «እንደገና እንሠራታለን» አላት። «እንደገና ከተሠራች እሷ አይደለችማ» አለች። የምትቀልድ መስሎኝ ቀና ብዬ ባያት ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

የዚያን ቀን በአሮጌው ደንብ ተጫወትን። የጌይልን አስማተኛ የዋሻው ሸረሪት ነደፋትና ኸርብ መርዙ ምን እንደሚያደርጋት ሲጠይቀው፣ አባዬ «እኔ አገልጋይህ ነኝ? መጽሐፉን አንሥተህ እይ» ብሎ ጮኸበት። አባዬ ጠረጴዛ ላይ ሲጮኽ ሰምተህ ታውቃለህ? እኔ አላውቅም። እምቢ ስላልነው ያኮረፈ መሰለኝ።

እኔም ከነሱ ወገን ነበርኩ። ዓርብ ዓሣ በልተን ስንመለስ መኪና ውስጥ ነዘነዝኩት። «ምን ጎድሎህ ነው? የቀሩህን ሁለት ሰዎች አስቀይመህ ልታባርር ነው?» አልኩት። ደጃፋችን ደርሰን ሞተሩን ሳጠፋው አልወርድ አለ። ዓይኑን ከጋራዡ በር ሳይነቅል «ዶሪን፣ አሮጌው እየጠፋብኝ ነው» አለኝ። መጀመሪያ ስለ መጽሐፉ የሚያወራ መስሎኝ መደርደሪያው ላይ አይቼዋለሁ ልለው ነበር። ከዚያ እንዲህ አለኝ፤ «በአሮጌው ስንጫወት አንድ ነገር ሲያጠራጥራችሁ ሁላችሁም እኔን ታያላችሁ። በአዲሱ ግን ማንም ማንንም አያይም፤ ሁሉም መጽሐፍ ይገልጣል። እኔም አብሬ ብገልጥ ማን ያውቅብኛል?»

ብቻውን ሐኪም ዘንድ ሄዶ ኖሯል፣ ኬንት። አያታችንን የወሰዳት ያው የመርሳት በሽታ ነው። ለኸርብና ለጌይል እንዳልነግር፣ ለአንተም እንዳልነግር ለመነኝ። ለነሱ ያን ጊዜ አልነገርኩም። ከአንተ ግን ልደብቅ አልቻልኩም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ለአዲሱ ቆሜ ተከራከርኩ። ምክንያቴን መናገር ስለማልችል የማይረባ ነገር ቀባጠርኩ፤ ሥዕሎቹ ያምራሉ ሁሉ ብያለሁ። ኸርብ «አንቺም ከዳሽን» አለኝ። ሁለት ቅዳሜም ሳይመጣ ቀረ። ጌይል «ቤቱ የኦርቪል፣ ጨዋታው የኦርቪል፤ እኛ ምን አገባን» ብላ ጎትታ አመጣችው። አስማተኛዋንም እንደገና ሠራች፤ ስሟን ግን ለወጠችው። የድሮዋን ስም ለሌላ ሰው አልሰጥም አለች።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አባዬ እንዳለው ሆኑ። ሁላችንም እንደናበር ነበር። ኸርብ ድንኩ ስንት እርምጃ መሄድ እንደሚችል ለማወቅ መጽሐፉን ሲያገላብጥ አባዬም አብሮት ያገላብጣል፤ ሁለቱም ይራገማሉ፤ ይሳሳቃሉ። እስከ ገና ድረስ እንደ ዱሮው ነበር ብልህ አልዋሸሁም። ከምድር ቤቱ ስወጣ ልቤ ቀለል ብሎኝ ሳህን አጥብ ነበር።

ያላሰብነው ነገር ቢኖር እኛ መልመዳችን ነው። ጃንዋሪ ሲገባ ጌይል መጽሐፉን መግለጥ ተወች። ኸርብማ፣ ያ ሁሉ ሲሳደብ የነበረው፣ ከሁላችን ቀድሞ ጥርት አድርጎ ያዘው። አባዬ ብቻ በየሳምንቱ ከሀ ይጀምራል። አንድ ቅዳሜ በተረቱ ውስጥ ድልድይ ላይ እየተዋጋን ተራው የማን እንደሆነ ጠየቀ። ነገርነው። ወዲያው መልሶ ጠየቀ። ኸርብ ሊቀልድበት አፉን ከፈተና የአባዬን ፊት አየ። ከዚያ መጽሐፉን አንሥቶ «እኔም ጠፍቶብኛል ባክህ፤ የተረገመ አዲስ ደንብ። ቆይ ልፈልገው» አለና ማገላበጥ ጀመረ። በቃሉ እንደሚያውቀው አውቃለሁ። ገጹ ላይ አቀርቅሮ ብዙ ቆየ።

ኸርብ ሲሄድ ተከትዬው ወጣሁ። የመኪናውን መስታወት በረዶ እየፋቀ፣ ፊቱን ወደ እኔ ሳያዞር «ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለኝ። ነገርኩት። «ታዲያ ወደ አሮጌው ብንመለስስ? እሱን እኮ ከእናቱ ስም በላይ ነው የሚያውቀው» አለ። እኔም ስንት ጊዜ አስቤዋለሁ። ነገር ግን በአሮጌው ውስጥ የጠፋበትን ነገር ሁሉ ያውቀዋል፤ እዚህ ጋ ይህ ነበረ፣ አሁን የለም እያለ ነው የሚቀመጠው። አዲሱን መጀመሪያውኑም አልያዘውም። ለኸርብ እንዲህ ስለው መፋቁን ትቶ ቆመ፤ «እንግዲያው በአዲሱ እንቀጥል» አለኝ። በአዲሱ ቀጠልን። ልክ ይሁን ስሕተት ዛሬም አላውቅም። አንተ ሌላ የሚታይህ ካለ ጻፍልኝ።

ትናንት አባዬ መከለያውን ወደ እኔ ገፋ አድርጎ «ዛሬ አንቺ ምሪ» አለኝ። ተነሥቶ ጌይል አጠገብ ተቀመጠ። እኔ መራሁ።

አንድ ነገር ልለምንህ። እሑድ እሑድ ስትደውል ገና ሰላም ሳትለው ስለ አሮጌው ደንብ ትፈትነዋለህ፤ የረግረጉ ጭራቅ ምን ይፈራል፣ የብረቱ በር በምን ይከፈታል እያልክ። እሱም ይመልስልህ ነበር። ያለፈው እሑድ ስልኩ ሲጮኽ ካፖርቱን ደርቦ በረዶ ልጥረግ ብሎ ወጣ። በረዶውን ጧት ጠርጌዋለሁ። በመስኮት ሳየው አካፋውን ተደግፎ፣ ፊቱን ወደ ቤቱ አዙሮ፣ ስልኩ እስኪዘጋ ይጠብቅ ነበር። መደወሉን እንዳትተው። ስለ አዲሱ ጠይቀው። መልሱ ቢጠፋው አንተም አታውቀውም።

ናዲንን አቅፈህ ሳምልኝ፤ ወገቧን ትጠብቅ። ቶቢን ጉንጩን ቆንጠጥ አድርግልኝ፤ አክስትህ ትናፍቅሃለች በለው። ጌይል እጅግ አድርጋ ሰላም ብላሃለች። ኸርብ ደግሞ፣ በረዷችን ካማረህ መጥተህ ጥረገው ብሎሃል። አባዬ መጻፌን አያውቅም። ቢያውቅ ኖሮ ሰላምታውን ከሁላችን አስቀድሞ ይልክ ስለነበር፣ የእሱንም ከእኔ ተቀበል።

እህትህ ዶሪን
ሌክ ኤልደር፣ ዊስኮንሲን
እሑድ፣ ፌብሩዋሪ 9 ቀን 2025