ከወንዙ ዳር ልወጣ ነው፣ ደሜ

ደሜ፣

እንዴት ከረምክ አልልህም፤ አንተ ያለህበት ክረምትም በጋም የለም ይላሉ። እኛ ዘንድ ግን አለ፤ ያውም እንዴት ያለ ክረምት! ከተለየኸኝ ወዲህ ሦስቱን ለብቻዬ ተወጣሁ። አራተኛው ሊገባ ሰኔ ደጅ ላይ ቆሟል። ሳይዘንብ የምነግርህ ነገር ስላለኝ ነው ለመጻፍ የተቀመጥኩት። ፈቃድህን ልጠይቅ እንዳይመስልህ፤ ሚስትህን ታውቃታለህ። ልነግርህ ነው።

መጀመሪያ የሰፈሩን ወሬ ልስጥህ፤ ያለ ወሬ ቁርስ አይወርድልህም። ፒያሳን አትጠይቀኝ። አንተ አራዳ ነኝ ባዩ ዛሬ ብታየው መንገድ ጠያቂ ትሆናለህ። ደመወዝ በተቀበልክ ቁጥር ቆመን ማኪያቶ የምንጠጣበት ባንኮኒ ከነሕንፃው የለም፤ ቦታው ሰፊ መንገድ ሆኗል። ማታ ማታ መብራቱ ያምራል፣ ሐሰት አልናገርም። ከራስ መኮንን ድልድይ በታች ያለው የኛ መደዳ ግን እንዳለ ነው፤ ቆርቆሮው፣ ጭቃው፣ ወንዙ። ባለሱቁ ሸምሱም እንዳለ ነው፤ ዛሬም ስምህን ሳያነሳ ስኳር አይመዝንልኝም።

እድሩም አለ፤ ጡሩንባው ግን ቀርቷል። አሁን ሰው ሲሞት በስልክ መልእክት ነው የሚለፈፈው። ዕድሜ ልክህን ጎህ ሲቀድ በየበሩ እየዞርክ የሟች ስም የጠራህለት እድር ያንተን ሞት በስልክ ላከው! ግማሹ ሰው ሳይሰማ ቀርቶ ለቅሶ የደረሰው በሠልስት ነው። እኔም ተናደድኩና ጡሩንባውን አልመልስም ብዬ ከበሩ ጀርባ ሰቀልኩት።

አሁን ወደ ነገሬ። ያለፈው ነሐሴ ዝናቡ ሲወርድ አድሮ፣ ሊነጋጋ ሲል ለጸሎት ልነሳ እግሬን ከአልጋ ባወርድ ውሃ ውስጥ ገባሁ። በሩን ብከፍት ያ አንተ ድንጋይ በድንጋይ የካብከው ግንብ የለም። ወንዙ ደጃችን ላይ ነው። የማንን በር ላንኳኳ? የማንን ልተው? መብራት የለም፣ ስልኩ አይሠራም። ጡሩንባህን አወረድኩና ነፋሁት። መጀመሪያ ፍርርር አለብኝ፤ አንተ ብትሆን በሳቅ ትፈርስ ነበር። ሁለተኛው ላይ ግን ጮኸ፤ እኔንም አስደነገጠኝ።

ሰፈርህን ታውቀው የለ? ጎርፍ መጣ ብትለው ብርድ ልብሱን ይከናነባል፤ ሰው ሞተ ብትለው ግን አይተኛም። ሁሉም ሞት የተለፈፈ መስሎት ነጠላውን እያዘቀዘቀ ወጣ። ጎረቤታችን እትዬ አስካለ ማን እንደሞተ ሳያውቁ እያለቀሱ ነው የወጡት፤ "ወይኔ ወንድሜን!" ይላሉ፣ የትኛውን ወንድማቸውን እንደሆነ እግዜር ይወቅ። ሸምሱ በባዶ እግሩ "ማነው? ማነው የሞተው?" እያለ ሮጦ መጣ። ከበውኝ ስም እስክጠራ ይጠብቃሉ። ምን ስም ልጥራ? ትንፋሼ አልቋል፤ በእጄ ውሃውን አሳየኋቸው። ከዚያማ ሕፃናቱን በጀርባ፣ አሮጊቶቹን በትከሻ፣ ሽቅብ ወደ ድልድዩ! ገና ሳንደርስ የእትዬ አስካለ መኝታ ቤት ግድግዳ አልጋቸው ላይ ተደረመሰ። ጡሩንባ ተነፍቶ ሰው ያልሞተበት ቀን ያ ብቻ ነው።

ታምናለህ? በወሩ ስብሰባ አንድ የእድሩ ሽማግሌ ተነስተው ያለ ሟች ጡሩንባ መንፋት ሟርት ነው፣ ትገሠጽ አሉ። እትዬ አስካለ ብድግ ብለው "የኔ ስም ቢጠራ ነበር የሚረኩት?" ብለው አስቀመጧቸው። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ግን ያን ግድግዳ እያሰብኩ አልሳቅኩም።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ልጅህ ሰብለ መቆሚያ መቀመጫ አሳጣችኝ። ከኔ ጋር ኑሪ ትላለች። ኮንዶሚኒየሟ ከተማው ጫፍ ነው፣ አምስተኛ ፎቅ፤ ጎርፍም አይደርስበት፣ ሰውም አይደርስበት። እሁድ እሁድ እየመጣች ታለቅሳለች። እኔም ያንኑ ያንተን ቃል እመልስላታለሁ፤ ወንዙ ጎረቤታችን ነው፣ ጎረቤት ጎረቤቱን አይበላም እያልኩ። በየክረምቱ አሸዋ በጆንያ እየደረደርክ የምትለውን ማለቴ ነው። ነፍስህ ልትወጣ ስትልም እጄን ይዘህ ሌላ አልተናገርክም፤ ቤቱን እንዳትለቂ፣ አደራ አልከኝ። እሺ አልኩህ። ለሚሞት ሰው እምቢ ይባላል? አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ብዬ ይኸው እስከዛሬ ጠበቅሁልህ።

አሁን ግን በቃኝ። ተሳስተሃል፣ ደሜ። ጎረቤትማ ይበላል። ግንብህን በላ፣ የሠርጋችንን ፎቶ በላ፣ እትዬ አስካለን ለጥቂት ሳታቸው። ደግሞስ ይህን ቤት ግድግዳው አምሮኝ የወደድኩት መሰለህ? ሙሽራ ሆኜ የገባሁ ለት ጣራው ያፈስ ነበር። አንተ በሙሽራ ልብስህ ሳፋ ተሸክመህ ጠብታ ለጠብታ ስትሯሯጥ፣ እኔ አልጋው ላይ ቆሜ ሆዴን እስኪያመኝ ስስቅ፣ ያኔ ነው የወደድኩት። ያ ሁሉ ካንተ ጋር ሄዷል። የቀረው ጭቃና ቆርቆሮ ነው፤ ለጭቃና ለቆርቆሮ ብዬ አልሞትም።

ስለዚህ ልወጣ ነው። ሰብለም ደስ እንዳይላት፤ አምስተኛ ፎቅ አልሄድም። የጎረቤት ሞት በሳምንቱ የሚሰማበት ቦታ ሄጄ ምን ልሠራ? ሸምሱ ከድልድዩ በላይ ዳገቱ ላይ አንዲት ክፍል አግኝቶልኛል። ጠባብ ናት፤ ከመስኮቷ ግን መደዳችን ከነወንዙ ወለል ብሎ ይታያል። መውጫ ያላገኙት እነ እትዬ አስካለ ገና ታች ናቸው። እነሱ ወንዙ አፍ ላይ ተኝተው እኔ በፎቅ ቤት ዝናብ ላዳምጥ? ወግድ! ጡሩንባው አብሮኝ ይወጣል። ክረምቱን ወንዙን የምጠብቀው እኔ ነኝ፤ እድሩ ወስኗል። ሟርት ነው ያሉት ሽማግሌ ሳይቀሩ እጃቸውን አወጡ፣ ቀስ ብለው ቢሆንም።

ቅዳሜ ዕቃዬን አወጣለሁ። አልረሳህም ብዬ አልምልልህም፤ ማን ጠርጥሮኝ? ሙት ዓመትህን እዚያችው ጠባብ ክፍል ውስጥ አወጣለሁ፤ የተረፈው ሰው ደረጃው ላይ ይቀመጣል። ዳገቱን ስወጣም ስወርድም፣ ጉልበቴን ባመመኝ ቁጥር ስምህን እጠራለሁ፤ ሌላ የምጠራው ስም የለኝም።

አንተ ደግሞ እንደፈለግህ። አደራ በላ በለኝ። በሕልሜ መጥተህ ጩህብኝ፣ በሩን ወርውረህ ውጣ። ካንተ ወዲህ እኮ ቤት ውስጥ የሚቆጣኝ ሰው አጥቻለሁ፣ ደሜ። አዲሱ ቤት ጠፋኝ እንዳትል፤ ሸምሱን ጠይቀው። ብቻ ና፣ ተቆጣኝ።

ያቺው እምቢተኛ ሚስትህ፣
ጥሩነሽ