ግማሹን ለመመለሻ

ለውድ ወንድሜ ለይማም፤

አሰላሙ ዐለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። ብርዱ እንዴት አደረጋችሁ? ጉልበትህስ እንዴት ነው? እማዬ ወገቧን ተሻላት? የአባዬ ሳልስ ተመልሶ አልመጣበትም? እኔ አልሐምዱሊላህ፣ በአካሌ ደህና ነኝ። በአካሌ ያልኩት አስቤበት ነው፤ ሌላውን ከታች ታነበዋለህ።

መልእክትህ በጎረቤት ቤት ሠራተኛ በኒዕማ በኩል፣ ልብስ ስናሰጣ በአጥር ላይ ደርሶኛል። ስልኬ ዛሬም ከፓስፖርቴ ጋር በአሠሪዬ በሲት ኢኽላስ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበታል፤ ስለዚህ በወረቀት እንቀጥላለን። «ሶብር አድርጊ፣ ታገሺ፣ አላህ ያውቃል» ብለሃል። አላህ ማወቁን አልጠራጠርም። የሚያንገበግበኝ ደላላውም ያውቅ እንደነበረ ነው። ካርቱም ሁለት በሚባለው ሰፈር፣ በሴቶች ጂም አሠልጣኝ ትሆኛለሽ ብሎ የስፖርት ዲግሪዬን አስተርጉሞ፣ እዚሁ ካርቱም አል-ጣኢፍ ሰፈር አምጥቶ መጥረጊያ አስጨበጠኝ። ይህን በየደብዳቤው እንደምጽፍልህ አውቃለሁ። መልስ እስካገኝ ድረስ እጽፈዋለሁ።

ወሬዬን ልንገርህ። ሲት ኢኽላስ ስኳር አለባት። ሐኪሟ ክኒኑ ብቻውን አይበቃም፣ ለስለስ ያለ ሩጫ ጀምሪ አላት። ቤት ገብታ ሶፋው ላይ እንደተዘረጋች «ያ ዘኪያ፣ አንቺ ሩጫ ነው የተማርሽው አይደል? ያላ፣ አስሩጪኛ!» አለችኝ። ዲግሪዬ በዚህ ቤት ሲታወስ የመጀመሪያው ነው። ሣቅና ንዴት እኩል መጡብኝ።

ግን ደስ ብሎኝ ነበር፣ አልዋሽህም። ዕቅዱን እንደ መመረቂያ ጽሑፍ ተጨነቅኩበት። ቀኑ ጁምዓ፣ ፀሐይ ሳትበረታ፤ መንገዱ ሻሪዕ አን-ኒል፣ በወንዙ ዳር ዛፎቹ ጥላ በሚጥሉበት በኩል። መጀመሪያ እርምጃ፣ ከዚያ ሶምሶማ፣ ከዚያ ደግሞ እርምጃ። እየሮጥሽ ማውራት ካቃተሽ ፈጥነሻል ማለት ነው ብዬ ሳስረዳት «እኔን ወሬ የሚያቅተኝ ስሞት ነው» አለች። ያስቸገረን ቶቧ ነው፤ ሴቶቹ እዚህ ከራስ እስከ እግር የሚጠመጠሙት ጨርቅ ሲሮጡበት ይፈታል፣ እግር ይጠልፋል። ሰፊ ሱሪና ረጅም ቀሚስ አስለበስኳት፤ ቶቧን ግን «ሰው ቢያየኝስ» ብላ በከረጢት አስያዘችኝ።

በመጨረሻ የራሴን ጉዳይ አነሳሁ፤ እሷ ስታርፍ ብቻዬን እስከ ቱቲ ድልድይ ሮጬ ልመለስ አልኳት። «ሐበሻዊት ብቻዋን ስትሮጥ ያየ ሰው ሰርቃ ነው ይላል» አለችኝ። እንግዲያው ፓስፖርቴን ስጪኝና በኪሴ ይዤው ልሩጥ ስላት «ያኔማ መች ትመለሺያለሽ!» ብላ ሣቀች። ቆይታ ግን «ጠይብ፣ እሺ፣ ትንሽ ብቻ» አለች።

ባለፈው ጁምዓ ወጣን። እውነቱን ለመናገር ጎበዝ ናት፤ የባሏን እህት እያማች መንገዱን ጨረሰችው። ከዚያ ቶቧን ተጠምጥማ የሻይ ሻጯ በርጩማ ላይ ተቀመጠችና በእጇ ሂጂ አለችኝ። ሮጥኩ። ያደረግሁት የልጇን አሮጌ ጫማ ነው፣ ጣቴን ይቆነጥጠኛል፤ ቢሆንም ደረቴ ሲከፈት ታወቀኝ። በጎኔ ዓባይ ይወርዳል። እሱን ከየት መጣህ፣ ኢቃማህ፣ የመኖሪያ ፈቃድህ የታል የሚለው የለም።

ድልድዩ ሲታየኝ «ሐራሚያ! ሌባ! ያዟት!» የሚል ጩኸት ሰማሁ። አንድ የሪክሻ፣ የእኛ ባጃጅ መሆኑ ነው፣ ሾፌር መንገዴን ዘጋው። ዓሣ ሲያጠምዱ የነበሩ ሁለት ወጣቶች መንጠቋቸውን ጥለው ክንዴን ያዙኝ። ምን ወሰድሽ? ከማን ቤት ነው የወጣሽው? ስፖርት እየሠራሁ ነው ብል አንደኛው «ሐበሻ ደግሞ ስፖርት!» ብሎ ተንከተከተ። ይማም፣ ዓለም ሁሉ በሩጫ የሚያውቀን ሰዎች! ጎትተው ወደ ሲት ኢኽላስ ወሰዱኝና «ሐጃ፣ ያንቺ ናት?» አሏት። ሻይዋ ከንፈሯ ላይ ነበር። መጀመሪያ ፉት አለች። ቀጥላ «የኔ ናት» አለች። ለቀቁኝ፤ ይቅርታም ጠየቁ፣ እሷን።

ምን መለስሽላቸው ትለኛለህ። ከመምህራኖቼ ጋር ስሟገት የኖርኩት እኔ ዝም አልኩ። የኔ አይደለችም፣ አላውቃትም ብትል ኖሮ የት እንደማድር አሰብኩ። እስከ ዛሬ የሚያቃጥለኝ ያ ዝምታ ነው።

ነገ ደግሞ ጁምዓ ነው። ስኳሯ ስለወረደላት ደስ ብሏት መላ ፈጥራልኛለች፤ ቶቧን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌ እንድሮጥ፣ ያየ ሁሉ የእመቤቷን ዕቃ ይዛ ነው እንዲል። ውለታ የዋለችልኝ መስሏታል። ወይ እንደ ሰው እሮጣለሁ ወይ አልሮጥም አልኳት። «ኸላስ፣ አትሩጪያ» አለችኝ። በቃ፣ ያገኘሁት ድል ይኸው ነው። ነገ በእሷ እርምጃ ልክ ሶምሶማ እልና ከሻይ ሻጯ ጎን ቁጭ ብዬ ድልድዩን አያለሁ።

ቦርከና ወንዝ ዳር ስንሮጥ «ስትሄጂ ጉልበትሽን አትጨርሺ፣ ግማሹን ለመመለሻ አስቀሪ» ትለኝ ነበር። በሲት ኢኽላስ ዕቅድ ላይ ቀድሜ ያስገባሁት ያንን ምክርህን ነው። እሷ አስቀርታ በሰላም ትመለሳለች። እኔም አስቀርቼ ነበር፤ የቁም ሣጥኑ ቁልፍ ግን ሰው እጅ ገባ።

ስለዚህ ሶብር አድርጊ ብለህ አትጻፍልኝ። ይልቅ ነገ ማለዳ ተነስና እስከ ዋርካው ድረስ ሮጠህ ተመለስልኝ። ለምን ትሮጣለህ ብሎ ክንድህን የሚይዝ የለም።

እማዬን ጉልበቷን ሳምልኝ፤ ወንዝ ዳር እየሮጠች ነው በላት፣ ጩኸቱን አትንገራት። አባዬ ዱዓው እንዳይለየኝ። ለአክስቴ ለአሚና ሰላምታዬ ይድረሳት። እህታችን ሁስና እዚያ የተውኩትን የሩጫ ጫማዬን ልታደርገው መፈለጓን ሰምቻለሁ፤ ታድርገው፣ ትሩጥበት። ግን አደራ፣ እንዳታሰፋብኝ፤ መጥቼ የማደርገው እኔ ነኝ።

እህትህ ዘኪያ
አል-ጣኢፍ፣ ካርቱም
ጥር 18 ቀን 2015 ዓ.ም.