መጀመሪያ ትንፋሽ

የካቲት 3፣ ማክሰኞ

ሁለት ጊዜ ጠለቅሁ ዛሬ። አንዴ የጀልባ ሞተር ላይ የተጠመጠመ እንቦጭ ለመቁረጥ፣ አንዴ የወደቀ መልሕቅ ለማውጣት። ውሃው ድፍርስ... የገዛ እጄን እንኳ አላየሁትም።

ከሰዓት አቶ ኃይለ ገብርኤል፣ የጀልባ ማኅበራችን ሊቀመንበር፣ አስጠሩኝ። ለሦስታችን ጠላቂዎች፣ ለእኔ፣ ለጋሼ ደሞዝና ለሙሀመድአወል፣ የመጀመሪያ ዕርዳታ ሥልጠና ተፈቅዷል። የትኛው ሥልጠና እንደሚሻል አይተህ ምረጥ አሉኝ። አሁን ገና! መፈቀድ የነበረበት ከኅዳር በፊት ነበር፣ አብዱልበሲጥ ሳይሞት። ጀልባ ነጂያችን ነበር፤ የሙሀመድአወል ታናሽ ወንድም። ከውሃ ሲወጣ ገላው ገና አልቀዘቀዘም። እግሩን ይዘው፣ ቁልቁል ዘቅዝቀው አራገፉት፤ የጠጣው ይውጣለት ብለው። ውሃው ወጣ። እሱ ግን...

የካቲት 5፣ ሐሙስ

አንድ ሆቴል ውስጥ የሚሰጠውን ሥልጠና ለማየት ሄድሁ። ግማሽ ቀን ነው። አዳራሽ፣ ቲሸርት፣ ሰርተፊኬት። አሠልጣኙ ጫማው የሚያብረቀርቅ ሰውዬ። አንድ ነገር ብቻ ጠየቅሁት፤ ሰው ከውሃ ሲወጣ መጀመሪያ የምናደርገው ምንድን ነው?

«ያው እንደማንኛውም ሰው ነው» አለኝ።

እንደማንኛውም! ውሃ ውስጥ የሰመጠና ወንበር ላይ ልቡ የቆመ አንድ ናቸው? የምንለማመድበት አሻንጉሊት አለ ወይ ብዬ ስጠይቀው ቪዲዮ አለ አለኝ። ምሳም አለ አለ። ማን ሊበላለት ነው? ሰኞ ሑዳዴ ይገባል፣ ከዚያ ረመዳን። ደሜ ፈልቶ ወጣሁ።

የካቲት 9፣ ሰኞ

ሹም አቦ ሰፈር፣ ሲስተር የሻሽወርቅ ግቢ። ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው፤ ሃያ ዓመት ድንገተኛ ክፍል። በረንዳቸው ላይ ከወገቧ በታች የሌላት የላስቲክ አሻንጉሊት ተጋድማለች። ያንኑ ጥያቄ ጠየቅኋቸው። አላስጨረሱኝም።

«ትንፋሽ» አሉ።

የሰመጠ ሰው ያጣው አየር ነው፤ ስለዚህ መጀመሪያ ትንፋሽ መስጠት፣ ከዚያ ደረቱን መጫን፣ እንደገና ትንፋሽ... ሐኪም እስኪደርስ አለማቆም። ሥልጠናው ሦስት ቀን ይፈጃል። አንዱ ቀን ሐይቁ ዳር፣ ልብሳችን እንደረጠበ። ጀርባችን ላይ የምናዝለው የአየር ሲሊንደር በምን ያህል ፍጥነት እንደሚወልቅ ሁሉ ጠየቁኝ። የሆቴሉ ሰውዬ ምን እንደምሠራ እንኳ አልጠየቀኝም።

ይሄኔ ዝም ብል ምን ነበረበት? ዘቅዝቆ ማራገፍስ ብዬ ጠየቅሁ።

ትክ ብለው አዩኝ። «የሚወጣው የሆዱ ውሃ ነው። እናንተ ስታራግፉ የሰውየው ደቂቃ ያልቃል።»

ስንት ደቂቃ አራገፋችሁ አሉኝ። አላውቅም አልሁ።

የካቲት 10፣ ማክሰኞ

አራገፉት ብዬ ነው የጻፍሁት። እነማን? ለገዛ ደብተሬም እዋሻለሁ እንዴ? ግራ እግሩን የያዝሁት እኔ ነኝ። ቀኙን ጋሼ ደሞዝ። ያዘዙትም እሳቸው ናቸው፤ ከአባታቸው ያዩት ነው። መጥለቅ ያስተማሩኝ ሰው ያዝ ሲሉኝ እምቢ ልል? ሙሀመድአወል ያን ቀን ጎርጎራ ሄዶ ነበር። ሲመጣ፣ እዚያው ውሃው ውስጥ ነው የሞተው አልነው።

የካቲት 15፣ እሑድ

ስብሰባ። አቶ ኃይለ ገብርኤል የሆቴሉን አጽድቀው ጠበቁኝ። ታዲያ ምረጥ ያሉኝ ለምንድን ነው? ሰርተፊኬት ያው ሰርተፊኬት ነው፣ ጀልባ የሚሳፈር እንግዳ እንዲያየው ይሰቀላል አሉ። ደግሞም እናንተ የምትጠሩት ሰውየው ከሞተ በኋላ ነው አሉ። ሬሳ አውጪዎች መሆናችን ነው! ነደደኝ። ተነሥቼ ሁሉንም አወጣሁት። ሙሀመድአወል ፊት ለፊቴ ተቀምጧል።

«ወንድምህ ይተርፍ ይሆን ነበር። ዘቅዝቄ የያዝሁት እኔ ነኝ» አልሁት።

ጋሼ ደሞዝ ኮፍያቸውን አውልቀው ተነሡ። ሊቆጡኝ መስሎኝ ነበር።

«ያዘዝሁት እኔ ነኝ። ነርሷ ዘንድ ሄጄ እማራለሁ» አሉ።

ሙሀመድአወል ተነሥቶ ወጣ።

የካቲት 18፣ ረቡዕ

ሙሀመድአወል ስልክ አያነሣም። ሥራም አልመጣም። እውነቱን ነው። አቶ ኃይለ ገብርኤል ግን ደውለው የማኅበሩን ስም አጠፋህ አሉኝ። ስም! ሰው ጠፍቶ ስለ ስም...

የካቲት 21፣ ቅዳሜ

ሲስተር የሻሽወርቅ ግቢ፣ የመጀመሪያው ቀን። ሊቀመንበሩ የአባላቱ ጉርምርምታ ሲበዛባቸው ለሲስተር ሥልጠና ፈረሙ። ፎቶ ተነሡ ብለው መልእክት ልከውብናል። ምን ዓይነት ሰው ናቸው?

ጋሼ ደሞዝ በስልሳ ስምንት ዓመታቸው፣ ጉልበታቸው እየተንቋቋ፣ አሻንጉሊቷ ጎን ተንበረከኩ። ትንፋሹን ሰጡ። መጫን ሲጀምሩ ቁጥሩ ጠፋባቸው። አሥራ ሁለት... አሥራ አምስት... ሲስተር «እንደገና» አሏቸው። እንደገና ጠፋባቸው።

የግቢው በር ተከፈተ። ሙሀመድአወል። ማንንም ሰላም አላለም። ጾመኛ ነው፤ ከንፈሩ ደርቋል። መጥቶ ከጋሼ ደሞዝ ትይዩ ተንበረከከ።

«ይጫኑ፤ እኔ እቆጥራለሁ» አላቸው።

እስከ ሠላሳ ቆጠረላቸው። ትንፋሽ፣ ከዚያ እንደገና ከአንድ። ጋሼ ደሞዝ እንባቸው አሻንጉሊቷ ላይ እየወረደ ይጫናሉ።

ቀጥሎ የእኔ ተራ ሆነ። ሙሀመድአወል ቀና ብሎም አላየኝም። ግን ቆጠረልኝ።