ሰማያዊዋ ፀሐይ

ይድረስ ለናፈቅኸኝ ወንድም ጋሼ፤ ጤናህ እንዴት ሰነበተ? እኛማ ይመስገነው፣ አለን።

እሑድ ዕለት የባለቀለም መስታወት ሥራችንን ለሕዝብ አሳየን። እንግዳ ይመጣል ብዬ ቤቱን ጠራርጌ፣ የመስታወቱን መደርደሪያ እንደ አዲስ ደርድሬው ነበር። አባዬ ደግሞ "ሰዉ ፊት ካልሠራሁ" ብሎ የምትወጣ ፀሐይ ሥዕል ያለበት ትንሽ መስኮት መገጣጠም ጀመረ። እንደ ልማዱ እጁን ወደ መደርደሪያው እየላከ ይስባል፣ ይቆርጣል። ለካ ቢጫው ይቀመጥበት የነበረው ቦታ ላይ ሰማያዊውን አድርጌው ኖሯል!

ፀሐይዋ ሰማያዊ ሆና ወጣች። ሰዉ "አቤት ፈጠራ!" ብሎ አጨበጨበ። አባዬ ወደ እኔ ዞሮ፣ "ቢጫው አያምርም?" አለኝ።

"የእንቁላል አስኳል መስሏል" አልኩት።

መደርደሪያውን በማግስቱ እንደ ድሮው መለስኩት። ከእንግዲህ እኔ ወንበርም ከቦታው አላነሳም። ሐኪም ቤት እንሂድ ስለው "እኔ ምን ሆኜ?" ብሎ ይቆጣል፤ እልኸኛነቱን ታውቀው የለ። የላክኸውን ፎቶ ግን ጠዋት ጠዋት መስኮቱ ድረስ ወስዶ፣ "ልጄ ምነው እንዲህ ጠቆረብኝ?" ይላል።

በደህና ያገናኘን። ስትመጣ አደራህን፣ ዝም ብለህ ፊቱ አትቁም፤ ገና ከበሩ "አባዬ" በለው።

ታናሽ እህትህ